የአበጋዝ ፔይ ዱን መቃብርና የሠላሳ ስምንት ደቂቃ መንገድ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። ያንን ጉብታ የቆለሉት የጥንት ወታደሮች አይደሉም። የቆለሉት የእኛ መንደር ሰዎች ናቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የመስኖ ቦይ ሲቆፈር የወጣው አፈር መጣያ አጥቶ እዚያ ተከመረ። አባቴ በትከሻው፣ እናቴ በጀርባዋ፣ እኔም በትንሽ ቅርጫት እየተንገዳገድኩ ተሸክመናል። ዛሬ በዚያ ጉብታ በር ላይ ትኬት ይቆረጣል። ቆራጩ ደግሞ እኔው ነኝ፤ ሰው የራሱን ጉድ በራሱ እጅ ሲሸጥ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ኑና እዩኝ።

ስሜ ቱ ዌንሃይ ነው። በሊንፑ ወረዳ ታሪክ ጽሕፈት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። ጽሕፈት ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሦስት ወንበር፣ አንድ የፍል ውሃ ቴርሞስና እኔ ነን። ሥራዬ የወረዳውን ታሪክ መጻፍና ካርታውን መሣል ነበር፤ ችግሩ ወረዳው ታሪክ የለውም። ጎርፍ መጣ፣ ጎርፍ ሄደ፣ አንበጣ መጣ፣ ግብር ሰብሳቢ መጣ። ከአንበጣውና ከግብር ሰብሳቢው የትኛው እንደባሰ እንኳ መዛግብቱ አይስማሙም።

ባለቤቴ ሜንግላን በክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ፣ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ነርስ ናት። ከእኔ እስከ እሷ መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ነው። በካርታዬ ላይ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ይገባል። በአውቶብስ ግን አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ተራራውን ይዞራል፣ ወንዙን ይከተላል፣ መሀል ላይ ሾፌሩ አማቱ ቤት ገብቶ ኑድሉን እስኪያጣጥም ይጠበቃል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በወር ሁለቴ ብቻ ነው የተገናኘነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሚስቴ ፊት ይልቅ የዚያን ሾፌር ማጅራት አብልጬ አውቀዋለሁ።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ወሬው መጣ። ከዋናው ከተማ ተነስቶ እስከ ባሕሩ የሚደርስ የፈጣን ባቡር መስመር ሊዘረጋ ነው ተባለ። በመንገዱ ላይ አንድ ጣቢያ ይኖራል፤ ወይ በእኛ በሊንፑ፣ ወይ በጎረቤታችን በዳሄ ወረዳ። በእኛ ካለፈ ከቤቴ በር እስከ ሜንግላን ሆስፒታል ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነው። ቁጥሩን ስሰማ ቴርሞሱን ጥዬ ሰበርኩት።

በዚያው ሰሞን ሜንግላን ደወለች።

"ስማኝ ዌንሃይ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቁኝ። የክፍሉ ዋና ነርስ ሁኚ ነው የሚሉት። ከፈረምኩ ግን ስምንት ዓመት እዚሁ ግቢ ውስጥ መኖር ግዴታ ነው።"

"ምን አልሻቸው?"

"እስከ አዲስ ዓመት ጊዜ ስጡኝ አልኳቸው። ባቡሩ ሊንፑ ላይ የሚቆም ከሆነ አልፈርምም። እስኪሠራ እንደ ለመድነው እንታገሣለን፤ ከዚያ ጠዋት ወጥቼ ማታ ቤቴ እገባለሁ። ካልቆመ ግን እውነቴን ነው፣ እፈርማለሁ። ሃምሳ ልሞላ ነው፤ ወገቤ በዚያ አውቶብስ አለቀ።"

"ይቆማል።"

"አንተ ነህ እንዴ የምታቆመው?"

"ይቆማል አልኩሽ እኮ!"

ወንድ ልጅ በስልክ ሲፎክር ማን ይከለክለዋል! ስልኩን ዘግቼ ግን መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አራት ዓመት ብቻዬን እራት በላሁ፤ ስምንት ዓመት ሲጨመርበት መንገዱ ሳይሆን ዕድሜዬ ሊያልቅ ነው።

የወረዳችን የፓርቲ ጸሐፊ ቺዩ የሚባል የአርባ አራት ዓመት ጎልማሳ ነበር። ጠባዩን ለማወቅ ጆሮ ይበቃል፤ ሲፈልግህ "እርስዎ" ይልሃል፣ ሲናደድብህ "አንተ"። ለባቡሩ ጦርነት አወጀ። በየአደባባዩ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ፦ "ባቡሩን ያላመጣ ሹም ወንበሩን ያስረክብ!" አንድ መቶ ሺህ ፊርማ ይሰብሰብ ተብሎ አንድ መቶ አርባ ሺህ ተሰበሰበ፤ ሊንፑ ውስጥ ያለው ሰው ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ አንድ መቶ ሠላሳ ሺህ ነው። አንድ ቀን ቢሮው አስጠራኝ።

"መምህር ቱ፣ ይቀመጡ፤ ሻይ ይጠጡ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ሊንፑ ስንት ዓመቷ ነው?"

"ስንት እንዲሆናት ይፈልጋሉ?"

ጠረጴዛውን ደብድቦ ሳቀ። "ይሄውልዎ! ለዚህ ነው የምወድዎ!" ከዚያ ከጀርባው ወደ ተሰቀለው የዓለም ካርታ ዞረ። ፈጣን ባቡር ያለበት ሁሉ በቀይ ተሠምሮበታል። "ይመልከቱ፤ ጃፓን ጀመረች፣ ፈረንሳይ ተከተለች፣ እስፔን በየወይራ ማሳው ዘረጋች። እኛ ደግሞ የሁሉንም ደምረን አለፍነው። አሜሪካኖቹ ገና ስብሰባ ላይ ናቸው። አሁን ሊንፑ ከማን ጋር ትመደብ ነው የሚሉት? ከአሜሪካ ጋር?"

"ኧረ አይሆንም!"

"አይሆንም! ስለዚህ ለመሐንዲሶቹ ምክንያት እንስጣቸው። ባቡር የሚቆመው ጎብኚ በሚመጣበት፣ ታሪክ ባለበት ቦታ ነው። ዳሄ ያላት ጎመን ነው። እኛስ ምን አለን?"

"እኛም ጎመን ነው ያለን።"

"መምህር!"

"አንድ ጉብታ አለ" አልኩ። ምላሴን ይቁረጠው!

ጉብታው ያለው በተራራውና በወንዙ መካከል ባለችው ጠባብ ሜዳ ላይ ነው። ወደ ሊንፑ ለመግባት ከዚያች ሜዳ ሌላ መንገድ የለም። ለእኔ ይሄ መልካም ዜና ነበር፤ ባቡሩ ሲያልፍ መቃብሩ ከመስኮት ይታያል፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል! ጉድጓዴን የቆፈርኩት እዚህች ላይ ነው፤ በዚያን ቀን ግን የራሴ ብልሃት ለራሴ አስደነቀኝ።

በአንድ አሮጌ መዝገብ ውስጥ "ፔይ የሚባል የጦር ሹም በዚህ ሲያልፍ ፈረሱ ታመመ" የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ከእሷ ተነስቼ አርባ ገጽ ጻፍኩ። ፈረሱ የታመመበት ሰውዬ በእኔ ብዕር ታላቁ አበጋዝ ፔይ ዱን ሆነ። እዚሁ ቆሰለ፣ እዚሁ ሞተ፣ ሦስት ሺህ ወታደር እያለቀሰ በየራስ ቁሩ አፈር ተሸክሞ ቀበረው። ስለ አፈር መሸከሙ ስጽፍ አልዋሸሁም፤ ተሸካሚዎቹን ብቻ ነው የቀየርኩት። የመጨረሻውን ገጽ ስጨርስ ደግሞ እኔው ራሴ አለቀስኩ፤ አበጋዙ ሚስቱን ሳያይ ነው የሞተው።

መስመሩን የሚያጠናው መሐንዲስ ዌን ይባላል፤ ጫማው አቧራ የጠጣ ቀጭን ሰውዬ። መጀመሪያ የሄደው ዳሄ ነበር። የዳሄ ሹም የእንፋሎት ዳቦና የጎመን ሾርባ አቅርቦለት፣ "ይቅርታ ያድርጉልን፤ እኛ ጋ ከጎመን ሌላ ምንም የለም፤ ሜዳ ነው፣ ባዶ ነው" አለው ተብሎ ተወራ። ሊንፑ በሳቅ ፈረሰች። ጸሐፊ ቺዩ ራሱ ሆዱን ይዞ፣ "ምንም የለንም! አለው እኮ! ምንም የለንም!" እያለ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ከረመ።

እኛ ጋ ሲመጣ ግን ተቀበልነው! ሁለት መቶ ጡረተኛ እናቶች ቀይ ማራገቢያ ይዘው አደባባይ ላይ ጨፈሩ። አሥራ ስድስት ዓይነት ምግብ ቀረበ፤ የማሽላ አረቄው በብርጭቆ ሳይሆን በጎድጓዳ ሳህን ተቀዳ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብለው የወረዳው ሹማምንት ከእንግዳው ይልቅ ራሳቸው ጠጡት። እኔ ታሪኩን አነበብኩ። ጡረተኞቹ አለቀሱ፣ ጸሐፊውም መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መሐንዲስ ዌን ብቻ ካርታውን ዘርግቶ ቀይ እርሳሱን አወጣ።

"መቃብሩ በትክክል የት ጋ ነው?"

"እዚህ ጋ!" አልኩና ጣቴን ተከልኩበት።

"እርግጠኛ ነዎት? ትንሽ ወደ ጎን ሊሆን አይችልም?"

"ወደ ጎን? አንገቴን እሰጣለሁ፤ እዚሁ ነው!"

በጣቴ ዙሪያ ክብ አሠመረና ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ። በአድናቆት የተነፈሰ መሰለኝ።

ከአሥር ቀን በኋላ ፕሮፌሰር ሃው ከስድስት ተማሪዎችና ከአንድ ጆንያ ብሩሽ ጋር መጣ። ክፍለ ሀገሩ ነው መቃብሩን እንዲመረምር የላከው። እኔ ጭንቀት ገደለኝ። ቆፍሮ የቦይ አፈር ሲያገኝ ምን ልል ነው? ስምንት ቀን ቆፈሩ፤ ስምንት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በዘጠነኛው ቀን ጉብታው ላይ ጩኸት ተሰማ፣ ሮጬ ሄድኩ። ፕሮፌሰሩ የዛገ ብረት በነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝቶ በብሩሽ ይጠርጋል።

"የጦር ጫፍ! የዘመኑ ምርጥ የጦር ጫፍ!"

ጠጋ ብዬ አየሁት። የአካፋ ጫፍ ነው። የመንደራችን አካፋ! አንድ አካፋ ጠፋ ተብሎ ሦስት ቀን ስብሰባ መደረጉን፣ አባቴም በሕዝብ ፊት ቆሞ መወቀሱን ዛሬም አልረሳሁትም። ምስኪን አባቴ፣ ሞቶ እንኳ ነጻ አልወጣም፤ ጭራሽ አካፋው የአበጋዝ ሆነ። በማግስቱ ደግሞ የአበጋዙን ፈረስ አጥንት አገኙ። እሷም የጋሪ አህያችን ናት፤ በቆሎ ሰርቃ በልታ ሆዷ ተነፍቶ የሞተች።

እና ምን አልኩ? ምንም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። እንዲያውም "እንኳን ደስ ያለዎት ፕሮፌሰር" አልኩት።

የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ወጣ። በጉብታው ዙሪያ በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ መቆፈር፣ ምሰሶ መትከል፣ ቤት መሥራት ክልክል ነው የሚል ድንጋይ ተተከለ። ጸሐፊ ቺዩ ርችት አስተኮሰ፤ ሊንፑ ሠርግ መሰለች። እኔም ወዲያው ለሜንግላን ደወልኩ።

"አለቀ! ተጠናቀቀ! መቃብሩ ጸደቀ!"

"መቃብሩ ከጸደቀ ባቡሩ ይቆማል ማለት ነው?"

"ላይቆም ነው? እንዲህ ያለ ታሪክ ጥሎ የት ይሄዳል!"

"በሞቴ በለኝ።"

"በሞትሽ!"

በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት፤ እንደ ልጃገረድ ነበር የሳቀችው። የወጥ ቤቱን መስኮት መጋረጃ ቀለም ጠየቀችኝ። አሮጌው ነው አልኳት። ስመጣ እቀይረዋለሁ አለች።

አዲስ ዓመት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለውሳኔ ተጠራን። ሁለቱም ወረዳዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የዳሄ ሹም በአሮጌ ኮት፣ የእኛ ጸሐፊ በአዲስ ክራቫት። መሐንዲስ ዌን ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ቀዩ ክብ በተራራውና በወንዙ መካከል ያለችውን ሜዳ ጥርቅም አድርጎ ዘግቷታል። የባቡሩ መስመር ከዋናው ከተማ ቀጥ ብሎ ይመጣና ክቡ ጋ ሲደርስ ጠርዙን ታክኮ ይታጠፋል፤ ታጥፎም ወደ ዳሄ ይሄዳል።

"ሊንፑ ላይ ታላቅ ቅርስ አለ" አለ መሐንዲሱ፣ ድምፁ ሳይወጣ ሳይወርድ። "ስለዚህ አንነካውም። ዳሄ ላይ ምንም የለም። ስለዚህ በዚያ እናልፋለን። ጣቢያውም እዚያ ይሆናል።"

የዳሄ ሹም ተነስቶ ወገቡን ሰበር አድርጎ እጅ ነሳ። "ምንም የለንም ብለን ነበር እኮ" አለ፤ ሰውየው አልሳቀም፣ ያ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ።

በመመለሻችን ጸሐፊ ቺዩ መኪና ውስጥ መንገዱን ሁሉ "አንተ" ሲለኝ መጣ። "አንተ ነህ ጉድ የሠራኸን! አንተና ፈረስህ! ትንሽ ወደ ጎን ሊሆን ይችላል ሲልህ ወደ ጎን ብትለው ምን ነበረበት?" እውነቱን ነው፣ ምን እመልሳለሁ? ግማሽ መንገድ ላይ ስልኩ ጠራ። አዳመጠ፣ "እሺ ጌታዬ፣ አመሰግናለሁ ጌታዬ" አለ፣ ፊቱ ፈካ። ታላቁን መቃብር ስላስገኘ የክፍለ ሀገሩ ባህል ቢሮ ምክትል ኃላፊ አድርገው ሊሾሙት ነው። ስልኩን ዘግቶ ትንሽ አሰበና ወደ እኔ ዞረ።

"መምህር ቱ፣ በርዶዎታል? መስኮቱን ልዝጋልዎ?"

"ጸሐፊ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። መቃብሩ ውሸት ነው። አሁኑኑ ብንናገር መስመሩ ይስተካከላል። እኔን ይሰሩኝ፣ ግድ የለም።"

"የቱ መቃብር ነው ውሸት? ድንጋይ የተተከለበቱ?" ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ድካም ነው። ይልቅ ደስ ይበልዎ፤ የመቃብሩ ዋና ጠባቂ እርስዎ ነዎት። ማዕረግ አለው፣ የደንብ ልብስ አለው። ግን እዚያው ማደር አለብዎ።"

ጠባቂነቱ የጠቀመኝ ነገር ቢኖር እውነቱን ለሌላ ሰው ልናገር ብዬ እንድቆርጥ ማድረጉ ነው። በማግስቱ ያንኑ አውቶብስ ተሳፈርኩ፤ ያው አምስት ሰዓት፣ ያው ማጅራት፣ ያው አማት ቤት። በቀጥታ ወደ ፕሮፌሰር ሃው ቢሮ ሄድኩ። እሱ ካመነ ሁሉም ያምናል አልኩ።

"ፕሮፌሰር፣ አበጋዙን እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

ሻይ ቀዳልኝ። "የገጠር ታሪክ ጸሐፊዎች ትሕትናችሁ ይገርመኛል።"

"ትሕትና አይደለም! ያ ብረት አካፋ ነው! የእኛ መንደር አካፋ!"

"አካፋ እንደሚመስልማ ጽፌአለሁ። የአካባቢው አካፋ ቅርጹን የወረሰው ከአበጋዙ ጦር መሆኑን በሦስተኛው ጽሑፌ አሳይቻለሁ።"

"አፈሩን እኔ በቅርጫት ተሸክሜዋለሁ!"

"ስንት ዓመትዎ ነበር?"

"ዘጠኝ።"

"የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትዝታ ማስረጃ አይሆንም" አለ በርኅራኄ። "ደግሞም ይስሙኝ መምህር ቱ፤ ስድስቱም ተማሪዎቼ የሚመረቁት በፔይ ዱን ነው። አንዷ በፈረሱ ጥርስ ላይ ሁለት መቶ ገጽ ጽፋለች። እርስዎ ማን ስለሆኑ ነው የሞተ ሰው ክብር የሚነኩት?"

"በአህያ ጥርስ ላይ?"

"በፈረስ!" አለና ጽዋውን ጠረጴዛው ላይ ቋ አደረገው።

ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም ይባላል። ተካዩ ሞኝ እኔ ነኝ፤ ነቃይ ብልህ ግን በክፍለ ሀገሩ ፈልጌ አጣሁ። ሁሉም ከጉብታዬ ላይ አንድ አንድ ወንበር አግኝቶ ተቀምጧል።

ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ሜንግላን የምሳ ዕረፍት ላይ ነበረች፤ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሩዝ በቲማቲምና በእንቁላል ትበላለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ አካፋውን፣ አህያዋን፣ ቀዩን ክብ። መጀመሪያ ሳቀች፣ ሩዙ እስኪያንቃት ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ሳይታወቀኝ ለቅሶ ሆነ።

"ለእኔ ብለህ ነው ይሄን ሁሉ ያደረግኸው?"

"ለማን ብዬ ነው ታዲያ!"

ዓይኗን በደንብ ልብሷ እጀታ ጠረገች። "እሺ፤ የሆነው ሆኗል። አሁን ስማኝ። ዳሄ ቤት እንከራይ። ከጣቢያው አጠገብ። አንተ ሥራውን ተወው፣ እዚያ የሆነ ነገር አታጣም። ባቡሩ ሲጀምር እኔ በየቀኑ በአርባ ደቂቃ እመጣለሁ። እስከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ነው፣ እንችለዋለን። አልፈርምም።"

ልብ በሉ፤ ሁሉም ነገር በእጄ ላይ ነበር። አንድ "እሺ" ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ?

"ዳሄ?" አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። ግን ወራት ሙሉ ሊንፑ ውስጥ ስንላት በነበረው አፍ፣ አፍንጫዬን ነፍቼ ነው ያልኳት። አስከትዬም፣ "ከጎመኖቹ ጋር? እኔ የሊንፑ ታሪክ ጸሐፊ፣ ዳሄ ገብቼ? ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ አሁን ዋና ጠባቂ አድርገውኛል፤ ማዕረግ አለው። እስቲ ትንሽ ላስብበት" አልኩ።

ሜንግላን የምሳ ዕቃዋን ክዳን ገጠመች። ቀስ ብላ፣ አራቱንም ጎን ቋ ቋ እያደረገች ገጠመችው።

"አስብበት" አለችኝ። "እኔ የስምንት ሰዓት መርፌ አለብኝ።"

ሦስት ሳምንት አሰብኩበት። እሺ ልላት ስደውል ፈርማ አገኘኋት። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "በርትተህ ብላ፤ ጉብታው ላይ ብርድ አለ" ብቻ አለችኝ። ያን ቀን እንደ ሕፃን ነው የተንሰቀሰቅኩት፤ ምን ይደበቃል።

መስመሩ አራት ዓመት ፈጀ። ጸሐፊ ቺዩ ወደ ክፍለ ሀገር ከማለፉ በፊት ለጉብታው ስጦታ ሰጠው፤ ሠላሳ ሜትር ቁመት ያለው የሲሚንቶ አበጋዝ በሲሚንቶ ፈረስ ላይ። ጎብኚ ግን የለም። ለምን ይኖራል? ጎብኚ የሚመጣው ባቡር በሚቆምበት ነው። ዳሄ አሁን ሰባት ሆቴል አላት፤ ጎመኗንም "የፈጣን ባቡር ጎመን" እያለች ለዋናው ከተማ ትሸጣለች። ወደ ዋናው ከተማ የሚሄደው የእኛ አውቶብስ በቀን አራት ጊዜ ነበር፤ ሰው ሁሉ ወደ ዳሄ ስለዞረ አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት የዚህን ወረዳ ካርታ የሣልኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሊንፑ አንድ ስንዝር ሳትንቀሳቀስ ራቀች።

የመክፈቻው ዕለት ጠዋት ሜንግላን ደወለች።

"ዌንሃይ፣ ባቡሩ ላይ ነኝ!"

"ልትመጪ ነው?"

"አይ... ከክፍሌ ነርሶች ጋር ነን። የአንድ ቀን ዕረፍት ሰጥተውን ባሕር ልናይ ነው። ባሕር አይቼ እንደማላውቅ ታውቃለህ አይደል? በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ይደርሳል አሉን። በአንተ በኩል ስለሚያልፍ ልንገርህ ብዬ ነው። ጉብታው ላይ ነህ?"

"ጉብታው ላይ ነኝ።"

"የቱ ጋ ቆመሃል?"

"ፈረሱ እግር ሥር። የፊት እግሩ ጋ። እጄን አነሳለሁ።"

"እሺ፣ በግራ መስኮት ነኝ፤ ስልኬን አዘጋጅቻለሁ..."

ከዚያ ድምፁ ተቆረጠ፤ ዋሻ ውስጥ ገብተው መሆን አለበት። ወደ ፈረሱ እግር ሮጥኩ፤ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ። የደንብ ልብሴን አንገትጌ አስተካከልኩ። ሐዲዱ ከጉብታው ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ በረጅም ድልድይ ላይ ይታጠፋል። ርቀቱን ያስወሰንኩት እኔ ነኝ። ነጭ ነገር ከተራራው ጫፍ ብቅ አለ፤ እጄን አነሳሁ፣ "ሜንግላን!" ብዬ ጮህኩ። እጄን ሳላወርድ አለፈ።

ወዲያው ስልኬ ነዘረ፤ ፎቶ ልካለች። አበጋዝ ፔይ ዱን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጢሙ ሳይቀር፣ የፈረሱ ልጓም ሳይቀር። እኔ የለሁም። በሁለት ጣቴ ወጠርኩት፣ ደግሜ ወጠርኩት፣ ፎቶው ተበታትኖ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እስኪሆን ድረስ። በፈረሱ ኮቴ ሥር አንዲት ግራጫ ነጥብ አለች። እኔ ልሁን ጠጠር እንጃ። "አየሁሽ" ብዬ ጻፍኩላት፤ ውሸቴን ነው።

ያቺን ቀን እንኳ ቤቴ ልዋል ብዬ በሩን ቆልፌ ወደ ሊንፑ ከተማ የሚወስደው አውቶብስ ውስጥ ገባሁ። ከጉብታው እስከ ከተማው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሾፌሩ ግን ካልሞላ አይነሳም። እኔና አንዲት ሽንኩርት የያዘች ሴትዮ ብቻ ነን። አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ሌላ ሰዓት ተቀመጥን። ሾፌሩ ወርዶ ጥላው ሥር ካርታ ተጫወተ።

"ኧረ ወንድሜ፣ እንሂድ እንጂ!" አልኩት።

"ወዴት ያስቸኩልዎታል አባባ?" አለኝ።

ሞተሩ ገና ሳይነሳ ስልኬ ጮኸ። ሜንግላን ናት። "ባሕሩ ጋ ደርሰናል። እግሬን ውሃ ውስጥ ነከርኩት። አንተስ፣ ቤት ገባህ?"